«ኤይንት»፦ የአንዲት አሉታዊ ረዳት ግስ ታሪክና በሶጀርነር ትሩዝ አፍ የተቀመጠው ንግግር

1. መግቢያ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ውስጥ «ኤይንት» የምትባለውን ረዳት ግስ ያህል ብዙ የተወገዘች፣ ተወግዛም ከሰው አፍ ያልጠፋች ትንሽ ቃል ማግኘት ያስቸግራል። በአገራችን ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛን የተማረ ሰው ይህችን ቃል የሚያውቃት ከሰዋስው መጽሐፍ ሳይሆን ከዘፈንና ከፊልም ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ከተነሣችም የምትነሣው «አይባልም» ተብላ ነው። ለመሆኑ ለምን አይባልም? የማይባል ከሆነስ ይህን ያህል ሕዝብ ለምን ይለዋል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው የቃሊቱን አመጣጥና ከጨዋ ንግግር ወደ «ያልተማረ ሰው ቋንቋ» የወረደችበትን መንገድ ባጭሩ ማሳየት ነው። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ከሥነ ጽሑፍ ጋር የሚገናኝበትን አንድ ታሪካዊ አብነት መመርመር ነው፤ ይኸውም በ1851 በአሜሪካ ሶጀርነር ትሩዝ የተባለች ከባርነት የወጣች ሴት ያደረገችው ንግግር ከጊዜ በኋላ በሌላ ሰው ብዕር እንዴት እንደ ተለወጠ ነው። በመጨረሻም ጉዳዩ እኛን የሚነካበትን ነጥብ አነሣለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የቃሊቱ አመጣጥ

እንግሊዝኛ አሉታን የሚገልጸው «ኖት» የሚለውን ቃል ከረዳት ግስ በኋላ በማስከተል ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ይህ «ኖት» በንግግር ውስጥ እያጠረ ከረዳት ግሱ ጋር መጣበቅ ጀመረ። ዛሬ ማንም የሚጠቀምባቸው «ካንት»፣ «ዶንት»፣ «ዎንት» የሚባሉት ቅርጾች የተገኙት በዚህ ሁኔታ ነው። መሆንን ከሚገልጸው ግስ ጋር ሲጣበቅ ግን አንድ ችግር ገጠመው። ለሦስተኛ መደብ ነጠላ «ኢዝንት» ማለት አላስቸገረም። ለአንደኛ መደብ ነጠላ «አም ኖት» ሲያጥር ግን ሁለቱ የአፍንጫ ድምፆች «ም» እና «ን» ጎን ለጎን ወደቁ። ለአንደበት አስቸጋሪ ስለ ሆነም «ም» ተውጣ «አንት» የሚል ቅርጽ ተገኘ። «አር ኖት» የሚለውም «ር» ተውጣ ወደዚያው ወደ «አንት» ደረሰ። ሁለት የተለያዩ ሐረጎች በሁለት መንገድ ሄደው በአንድ ቅርጽ ተገናኙ ማለት ነው።

ይህ «አንት» የሚባለው ቅርጽ በጽሑፍ መታየት የጀመረው በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ ተውኔቶች ውስጥ ነው። በ1695 በቀረበው በዊልያም ኮንግሪቭ «ላቭ ፎር ላቭ» ተውኔት ለአንደኛ መደብ፣ በ1696 በቀረበው በጆን ቫንብራ «ዘ ሪላፕስ» ተውኔት ደግሞ ለብዙ ቁጥር ሲያገለግል እናገኘዋለን። «ኤይንት» የሚለው አጻጻፍ የተለመደው ከዚያ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት ነው፤ በ1778 በታተመው በፋኒ በርኒ «ኤቪሊና» ልቦለድ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ቃሊቱ ለሦስቱም መደቦች ታገለግል ነበር። ቆይቶም የ«ሃቭ ኖት» እና የ«ሃዝ ኖት» አጭር ቅርጽ የነበረው «ሃንት»፣ በኋላ «ሄይንት»፣ የመጀመሪያ ድምፁን ጥሎ ከእርሷ ጋር ተቀላቀለ። በዚህ ዓይነት አምስት ልዩ ልዩ ሐረጎች በአንዲት ቃል ተጠቃለሉ።

ከዚህ የምንረዳው ቃሊቱ በስንፍና ወይም በድንቁርና የተወለደች አለመሆኗን ነው። «ካንት»ን እና «ዶንት»ን የወለደው የድምፅ ሕግ ያው እርሷን ወልዷል። እህቶቿ ተቀባይነት ሲያገኙ እርሷ የተጣለችበት ምክንያት በድምፅ ሕግ ሳይሆን በማኅበራዊ ታሪክ ውስጥ መፈለግ አለበት።

3. ከጨዋ አፍ ወደ ነውር

ኮንግሪቭና ቫንብራ ተውኔት የጻፉት ለለንደን ባላባት ታዳሚ ነበር። ማጠሩ ራሱ ያስቆጣቸው ጸሐፊዎችም ወዲያው ተነሥተዋል። ጆናታን ስዊፍት በ1710፣ ጆሴፍ አዲሰን በ1711 ባወጧቸው መጣጥፎች ቃላትን መቆራረጥ ቋንቋውን ያበላሻል ሲሉ አማረዋል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ግን የአዲሰን ወቀሳ ዛሬ ማንም ነውር የማይላቸውን «ካንት»ንና «ዎንት»ን ጭምር የሚመለከት መሆኑን ነው። በ1760ዎቹ ደግሞ ጳጳሱ ሮበርት ሎውዝ በሰዋስው መጽሐፉ ሁለት አሉታ ሲደራረብ አዎንታ ይሆናል የሚለውን ደንብ አስፋፋ። ከዚህ በኋላ «ኤይንት» አብዛኛውን ጊዜ ከድርብ አሉታ ጋር ተጣምራ ስለምትሰማ፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ክስ ተሸከመች።

በ19ኛው መቶ ዓመት ትምህርት እየተስፋፋ ሲሄድ ሰዋስው የመደብ አጥር ሆነ። ከታች ወደ መካከለኛው መደብ የወጣ ሰው ከየት እንደ መጣ የሚያሳብቀው ንግግሩ ስለ ነበር፣ አንደበቱን ይጠብቅ ጀመር። ልቦለድ ጸሐፊዎችም ይህን ተገነዘቡ። ቻርልስ ዲከንስ ከ1836 እስከ 1837 በወጣው «ፒክዊክ ፔፐርስ» ለሳም ዌለር፣ ከ1849 እስከ 1850 በወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ደግሞ ለዓሣ አጥማጁ ለፔጎቲ እንዲህ ያለ አነጋገር ሰጣቸው። ባላባቱ ግን ማንም አይከሰኝም ብሎ ቃሊቱን እንደ ያዛት ቆየ። ዶሮቲ ሴየርስ ከ1923 ጀምሮ በጻፈቻቸው የወንጀል ልቦለዶች ውስጥ የመስፍን ልጅ የሆነው ሎርድ ፒተር ዊምዚ «ኤይንት» እያለ ሲናገር እናገኘዋለን። ከላይና ከታች ያሉት ሲናገሯት የፈራት መካከለኛው ነበር ለማለት ይቻላል።

የዚህ ፍርሃት ውጤት በቋንቋው ላይ አንድ ጉድለት ትቷል። እንግሊዝኛ ዛሬ «አም ኖት» ለሚለው ሐረግ በትምህርት ቤት የተፈቀደ አጭር ቅርጽ የለውም። ጥያቄ ለመጠየቅ ሲፈለግ «አርንት አይ» ይባላል፤ ይህም የብዙ ቁጥርን ግስ ለነጠላ «እኔ» መስጠት ነው። በሰዋስው ሚዛን ቢመዘን ከተወገዘችው ቃል የባሰ ግድፈት ነው። ነገር ግን የተማረው ሕዝብ ስለሚለው ማንም አይወቅሰውም።

4. የ1961 የመዝገበ ቃላት ክርክር

የቃሊቱ ጉዳይ ከሰዋስው መምህራን አልፎ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው በ1961 በአሜሪካ ነው። ሜሪያም የተባለው አሳታሚ ድርጅት በፊሊፕ ጎቭ ዋና አዘጋጅነት ከ450 ሺህ በላይ ቃላት የያዘውን የዌብስተር ሦስተኛ ዓለም አቀፍ መዝገበ ቃላት አወጣ። አዘጋጆቹ የተከተሉት መርሕ ቋንቋን እንደሚነገር መመዝገብ እንጂ እንዴት መነገር እንዳለበት መደንገግ አልነበረም። ስለ «ኤይንት» የሰፈረው ማስታወሻም፣ ብዙዎች የማይወዷትና ብዙ ባልተማሩ ሰዎች ንግግር ውስጥ በይበልጥ የምትሰማ ብትሆንም በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተማሩ ሰዎችም በቃል እንደሚጠቀሙባት የሚገልጽ ነበር።

ይህን ያህል ጥንቃቄ የተሞላበት ማስታወሻ በጋዜጦች ዘንድ «መዝገበ ቃላቱ ኤይንትን ፈቀደ» ተብሎ ተነገረ። ኒውዮርክ ታይምስ በርእሰ አንቀጹ ተቃወመ፤ ድዋይት ማክዶናልድ በ1962 በኒውዮርከር መጽሔት ረጅም ሂስ ጻፈ። በዚያው ዓመት በታተመው በሬክስ ስታውት «ጋምቢት» ልቦለድ ውስጥ መርማሪው ኔሮ ዉልፍ መዝገበ ቃላቱን ገጽ በገጽ እየገነጠለ በእሳት ሲያቃጥል ይታያል። በ1969 የወጣው አሜሪካን ሄሪቴጅ የተባለው መዝገበ ቃላት ደግሞ ጸሐፊዎችንና አዘጋጆችን ሰብስቦ ስለ አከራካሪ ቃላት ድምፅ አስሰጠ፤ በጽሑፍ ውስጥ «ኤይንት»ን ከሞላ ጎደል ሁሉም አልተቀበሏትም።

ክርክሩ ስለ አንዲት ቃል ይመስል እንጂ ጥያቄው ቋንቋ የማን ነው የሚል ነበር። በዚያው ዘመን እነ ዊልያም ላቦቭ በኒውዮርክ የጥቁር አሜሪካውያንን ንግግር አጥንተው፣ «ኤይንት»ም ሆነ ድርብ አሉታው የራሱን ደንብ ጠብቆ የሚሄድ እንጂ የተበላሸ እንግሊዝኛ አለመሆኑን በ1972 ባሳተሟቸው ሥራዎች አሳዩ። ይሁን እንጂ የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ከማለታቸው ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሰው የሌላውን ሰው ንግግር ሲጽፍ እንዲህ ያሉትን ቅርጾች እንደ ቀለም ሲቀባቸው ኖሯል። ወደ ዋናው አብነቴ የሚወስደኝም ይኸው ነው።

5. ሶጀርነር ትሩዝና ሁለቱ ንግግሮች

ሶጀርነር ትሩዝ በ1797 ገደማ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በአልስተር ወረዳ ኢዛቤላ ተብላ በባርነት ተወለደች። አሳዳሪዎቿ ደች ተናጋሪዎች ስለ ነበሩ አፏን የፈታችው በደች ቋንቋ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ገደማ ሳለች ከበግ መንጋ ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች፤ አዲሱ ጌታዋ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበርና የሚያዛትን ባለ መረዳቷ ትገረፍ ነበር። ለእርሷ እንግሊዝኛ በግርፋት የተማረችው ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በ1826 ከባርነት ወጣች፣ በ1843 አሁን የምትታወቅበትን ስም ያዘች፣ ማንበብና መጻፍ ስለማትችልም የሕይወት ታሪኳን ለሌላ ሰው በቃሏ አጽፋ በ1850 አሳተመች።

በግንቦት 1851 በኦሃዮ በአክረን ከተማ በተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ተነሥታ ተናገረች። የጉባኤው ጸሐፊ የነበረው ማርየስ ሮቢንሰን ንግግሯን በሚያዘጋጀው የፀረ ባርነት ጋዜጣ በሰኔ 1851 አወጣው። በዚህ ጽሑፍ ትሩዝ የምትናገረው በተራ፣ ግልጽና ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው። እንደ ማንኛውም ወንድ ማረሷን፣ ማጨዷን፣ መፍለጧን ትናገራለች። የሴት አእምሮ ከወንድ ያንሳል ለሚሉትም ያላትን ልትሞላ ብትፈልግ ምን ያስፈራችኋል ስትል በምሳሌ ትመልስላቸዋለች። ዛሬ ንግግሩ የሚታወቅበት ተመላላሽ ጥያቄ፣ ማለትም «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚለው ግን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም።

ጥያቄው የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። የጉባኤው ሰብሳቢ የነበረችው ፍራንሲስ ጌጅ በሚያዝያ 1863 በኒውዮርክ ኢንዲፔንደንት ጋዜጣ ንግግሩን ከትዝታዋ ጽፋ አወጣች። በጌጅ ጽሑፍ ውስጥ ትሩዝ የምትናገረው በደቡብ አሜሪካ ባሮች አነጋገር ነው፤ ቃላቱ ሆን ተብለው በተሳሳተ ሆሄ ተጽፈዋል። ተመላላሹ ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋገማል። 13 ልጆች ወልዳ አብዛኞቹ እንደ ተሸጡባት ተደርጎ ተጽፏል፤ ትሩዝ የወለደችው ግን አምስት ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ትሩዝ በደቡብ በባርነት ኖራ አለማወቋ ነው። ኒውዮርክ ተወልዳ በደች ቋንቋ ላደገች ሴት የደቡብ ዘዬ ከየትም ሊመጣላት አይችልም። ጌጅ «ባሪያ የነበረች ጥቁር ሴት» የሚለውን ሐሳብ እንጂ ያችን ሴት አልጻፈችም ለማለት እደፍራለሁ።

እዚህ ላይ የሰዋስው ጉዳይ የሚገባበት አንድ ነጥብ አለ። በጌጅ ጽሑፍ ጥያቄው የተጻፈው በ«ኤይንት» ሳይሆን «አርንት አይ» ተብሎ ነው። ወደ «ኤይንት» የተለወጠው በኋለኞቹ ኅትመቶች፣ በተለይም በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የሁለቱን ቅርጾች ልዩነት በሁለት የታወቁ መጻሕፍት አርእስት ላይ ማየት ይቻላል፤ ቤል ሁክስ በ1981 ያወጣችው መጽሐፍ በ«ኤይንት»፣ ደቦራ ግሬይ ኋይት በ1985 ያወጣችው ደግሞ በ«አርንት» ይጀምራል። ስለዚህ ቃሊቱ በትሩዝ አፍ የገባችው በሁለት እርምጃ ነው። በ1863 ጥያቄው ተሰጣት፤ ቆይቶ ደግሞ ጥያቄው የበለጠ «ያልተማረ» እንዲመስል ረዳት ግሱ ተለወጠላት። በ1961 አንባቢዎች ከመዝገበ ቃላት እንድትወጣ የጮኹባት ቃል፣ ያልተናገረቻት ሴት አፍ ውስጥ ስትጻፍ ግን ማንንም አላስቆጣችም።

ትሩዝ ራሷ ምን ትል ነበር? በ1879 በሚሺጋን በካላማዙ ከተማ ይታተም የነበረ አንድ ጋዜጣ እንደ ዘገበው፣ ትሩዝ በደኅና እንግሊዝኛ በመናገሯ ትኮራ ነበር። ንግግሯን የሚጽፉ ሰዎች የደቡብ ዘዬ በአፏ ማስቀመጣቸውንም እንደ በደል ታየው ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስክር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ኔል ፔይንተር በ1996 ባሳተመችው የሕይወት ታሪክ ይህን ሁሉ አብራርታ ካሳየች በኋላም እንኳ፣ በሰፊው የሚታወቀውና በየመድረኩ የሚነበበው የጌጅ ንግግር ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተመላላሹ ጥያቄ ኃይለኛ ነው። አንድ ጽሑፍ እውነት ሳይሆን ውብ ሊሆን እንደሚችል የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ያውቃል። ችግሩ ውበቱ የተገዛው በተናጋሪዋ አንደበት ዋጋ መሆኑ ነው።

6. «አይደለሁም» እና «አይደል»

በማስተምረው የትርጉም ክፍል ይህን ተመላላሽ ጥያቄ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ተማሪዎችን ጠይቄ አውቃለሁ። የሚመጣው መልስ ዘወትር ከአራት አይበልጥም፤ «ሴት አይደለሁምን?»፣ «ሴት አይደለሁም ወይ?»፣ «እኔስ ሴት አይደለሁም?»፣ «እኔስ ሴት አይደለሁ?»። የመጀመሪያው የመጽሐፍ ወግ አለው። ሁለተኛው በሸንጎ የቆመ ሰው አቤቱታ ይመስላል። ሦስተኛው ጥያቄውን ሳያስጌጥ ያቀርባል። አራተኛው «ም»ን ጥሎ መልስ የማይጠብቅ የቅሬታ ጥያቄ ይሆናል፤ «አላልኩህ?» እንደምንለው ማለት ነው። በአራቱም ውስጥ ግን የሌለ አንድ ነገር አለ። አንዳቸውም ተናጋሪዋ ያልተማረች መሆኗን አይናገሩም።

ይህ የሆነው በአማርኛ የአሉታ ጠባይ ምክንያት ነው። የ«ነው» አሉታ የሚገለጸው በሌላ ግስ ሲሆን፣ እርሱም በመደብ፣ በጾታና በቁጥር ይረባል፤ አይደለሁም፣ አይደለህም፣ አይደለሽም፣ አይደለም፣ አይደለችም፣ አይደለንም፣ አይደላችሁም፣ አይደሉም። «ኤይንት» እንዳደረገችው ሁሉንም የሚጠቀልል አንድ የተወገዘ ቅርጽ የለንም። በሌላ በኩል «ማንም ምንም አላለም» ስንል አሉታውን የሚያጠናክሩ ቃላትን እንደረድራለን፤ ሁለቱ ተጣፍተው አዎንታ ሆኑ የሚል የሰዋስው መምህር አልገጠመኝም። ሎውዝ በአማርኛ ቢጽፍ ኖሮ ደንቡን የሚያቆምበት ቦታ ባጣ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ እህትማማች ቅርጽ አለን። «አንተ ትመጣለህ አይደል?»፣ «እሷ ነች አይደል?»፣ «እኛ ነን አይደል?» ስንል «አይደል» መደብ፣ ጾታና ቁጥር ሳይለይ ለሁሉም ይሠራል። በለንደን ወጣቶች ንግግር ለሁሉም መደብ የሚነገረው «ኢኒት» ያደረገው ይህንኑ ነው። በለንደን «ኢኒት» የሚል ልጅ ይገሠጻል፤ በአዲስ አበባ «አይደል?» የሚለውን ሰው፣ ሚኒስትርም ሆነ እረኛ፣ የሚገሥጸው የለም። ሁለቱ ቅርጾች በሰዋስው ያደረጉት አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ነውር ሌላው ንጹሕ መሆኑ፣ ነውሩ በቃሉ ውስጥ አለመኖሩን ያስረዳል።

ወደ ትርጉሙ ስንመለስ አንድ ያልታሰበ ውጤት እናገኛለን። የጌጅን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የደቡብ ዘዬውን የሚያስቀምጥበት ስፍራ ስለሚያጣ በተራ አማርኛ ይጽፈዋል። በዚህም ሳያውቀው ከትሩዝ ላይ የተጫነውን የሐሰት ዘዬ ያነሣላታል፤ በአነጋገር ደረጃ ወደ 1851ዱ ጽሑፍ ይቀርባል። ነገር ግን በዚያ ጽሑፍ ያልነበረውን ጥያቄ ይዞ ይቀራል። እንደ እኔ አስተያየት ተርጓሚው ሁለቱንም ጽሑፎች ተርጉሞ ጎን ለጎን ቢያቀርብ ለአንባቢው የሚበጅ ይሆናል።

ዘዬውን ማስቀመጥ ፈጽሞ አይቻልም ማለቴ ግን አይደለም። የሚቻልበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው በመድረክ ቀልዳችን ውስጥ ሲቀርብ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቲቱን «አንተ» ይላል፤ ታዳሚው ይስቃል። በአንዳንድ ልቦለዶቻችንም ከገጠር የመጣ ገጸ ባሕርይ ሐሳቡ ሳይሰማ አነጋገሩ ይሣቅበታል። ከጌጅ ብዕር ጋር ያለውን ዝምድና ለመረዳት ብዙ መራቀቅ አያስፈልግም። ትሩዝም እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የተማረች ነበረች።

ጸሐፊ የገጸ ባሕርይውን ዘዬ ይተው ማለት አይደለም። ዘዬ የሰው ማንነት ነው፤ በሚገባ ያዳመጠ ደራሲ ሲጽፈው ገጸ ባሕርይውን ያከብራል። ጥያቄው ሁለት ነው። ደራሲው የጻፈው የሰማውን ነው ወይስ ይሆናል ብሎ የገመተውን? ዘዬውስ ሁሉም ገጸ ባሕርያት በየራሳቸው አነጋገር ሲናገሩ የመጣ ነው ወይስ አንዱ ብቻ ተነጥሎ የተሰጠው ምልክት ነው? ዲከንስ ሳም ዌለርን የለንደንን ጎዳና አዳምጦ ጽፎታል፤ ያ ሰው በአነጋገሩ ጌታውን ይበልጣል እንጂ አያንስም። ጌጅ ግን ከ12 ዓመት በኋላ የጻፈችው ጆሮዋ የሰማውን ሳይሆን ዘመኑ ከጥቁር ሴት የጠበቀውን ነው።

7. ማጠቃለያ

«ኤይንት» በተራ የድምፅ ለውጥ ተወልዳ፣ በባላባት ተውኔት ታይታ፣ በመካከለኛው መደብ ፍርሃት ነውር የሆነች ቃል ናት። ነውር ከሆነች በኋላም ሌላ ሥራ ተሰጥቷታል፤ ጸሐፊዎች አንድን ሰው ዝቅ አድርገው ማሳየት ሲፈልጉ፣ አንዳንዴም በቅን ልቦና ሊያሞግሱት ሲፈልጉ፣ በአፉ የሚያስቀምጧት ምልክት ሆናለች። የሶጀርነር ትሩዝ ንግግር ታሪክ የሚያስተምረን ይህን ነው።

ስለዚህ የቃል ንግግርን በጽሑፍ መልክ የምናጠና ሁሉ፣ የእረኛ ግጥምም ሆነ የአልቃሽ እንጉርጉሮ ወይም የባላገር ሙግት፣ ከሐሳቡና ከውበቱ አስቀድመን አንድ ጥያቄ እንድናነሣ አሳስባለሁ፤ ይህን የጻፈው ማን ነው? መቼስ ነው የጻፈው? ተናጋሪው ማንበብ የማይችል ከሆነ የጻፉለትን አይቶ «እንዲህ አላልኩም» ማለት አይችልም። ትሩዝ ዕድሜ ሰጥቷት ቅሬታዋን ለጋዜጣ ተናግራለች። ያን ዕድል ያላገኙት ብዙዎች ናቸውና በእነርሱ ፈንታ መጠየቅ የአጥኚው ግዴታ ነው።